ልጅዎ 3ኛ ክፍል ደርሷል? እንግዲያው ዛሬ ማታ ያስነብቡት!

(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ፣ ጸሐፊው በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር የዕድር አዳራሽ ለተሰበሰቡ ወላጆች ያደረገው ንግግር ነው። ለጋዜጣው እንዲመች እዚህም እዚያም ከማሳጠር በቀር እንዳለ አቅርበነዋል። - አዘጋጁ)

በቅድሚያ የእሑድ ቀናችሁን ሰውታችሁ፣ የልብስ አጠባውንና የዘመድ ጥየቃውን ትታችሁ እዚህ በመገኘታችሁ አመሰግናለሁ። የዕድሩ ዳኛ “ስለ ልጆች ትምህርት አንድ ነገር በለን” ሲሉኝ መጀመሪያ አንገራግሬ ነበር። አስተማሪ አይደለሁም። የሥነ ልቦና ሐኪምም አይደለሁም። እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የማድር ጋዜጠኛ ነኝ። ነገር ግን በገዛ ቤቴ የደረሰ አንድ ጉድ አለ። እሱን ባወራ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ መጣሁ።

ትልቋ ልጄ 3ኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ መጣ። ከ63 ተማሪ 11ኛ! አማርኛ 84! ቤት ውስጥ ደስታ ሆነ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ለጎረቤትም ተወራ። በሳምንቱ እሑድ ጋዜጣ እያነበብኩ ሳለ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። “እስቲ ይቺን አርእስት አንብቢልኝ” አልኳት፣ ልኮራባት ፈልጌ። ዝም አለች። አንዷን ፊደል ጠራች፣ ሁለተኛዋን ጠራች፣ ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

ጋዜጣው ከብዷት ይሆናል ብዬ የራሷን የአማርኛ መጽሐፍ አስመጣሁ። እሱንማ እንደ ውሃ ነው የምታወርደው! ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ጠረጠርኩና ገጹን በእጄ ሸፍኜ ከመሐል አንዲት ቃል ብቻ ከፍቼ “ይኼስ ምን ይላል?” አልኳት። ዝም። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ምንባቡን ከመጀመሪያው ጀምራ በለሆሳስ ታነበንበው ጀመር። ያቺ ቃል ያለችበት ስትደርስ ዓይኗን ገልጣ “ዝናብ!” አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጄ አታነብም። ትሸመድዳለች።

ታዲያ አባትየው ምን አደረገ መሰላችሁ? እውነቱን ልናገር፣ በጥፊ አልኳት። ለሁለት ዓመት ተኩል ደብተሯን ሳልከፍት፣ ካርድ ብቻ እያየሁ የኖርኩት እኔ፣ የተመታችው እሷ። በፊደል እንጀራ የሚበላ ሰው ልጅ ማንበብ አትችልም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? የኔም ቤት እንደዚያ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ ት/ቤት ሄድኩ። የት/ቤቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የአንድ ት/ቤት ጉዳይ አይደለም። መምህርቷ አልተቆጡኝም፣ አላስተባበሉምም። “አቶ እገሌ፣ እኔ 63 ልጆች ነው ያሉኝ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?” አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። 40 ደቂቃ ለ63 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 38 ሴኮንድ ነው። ያውም መምህርቷ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ጥቁር ሰሌዳም ሳይነኩ ነው!

ለምን 3ኛ ክፍል?

“ልጁ ገና ነው፣ ሲያድግ ይደርስበታል” የሚል ወላጅ አለ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ ልጅ ማንበብን ይማራል። ከ4ኛ ክፍል ወዲያ ግን እያነበበ ነው የሚማረው። አካባቢ ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ሌላውም በጽሑፍ ነው የሚመጣው። 3ኛ ክፍል ድልድዩ ነው። ማንበብ ሳይችል ድልድዩን የተሻገረ ልጅ ወዲያ ማዶ የሚጠብቀው አስተማሪ “ሀ፣ ሁ” ብሎ አያስተምረውም። ጊዜም የለው፣ ሥራውም አይደለም። በአዲሱ የትምህርት እርከን ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ 6ኛ ክፍል ላይ ያበቃል፣ መጨረሻው ላይም ፈተና አለ። 3ኛ ክፍል የመንገዱ እኩሌታ ነው ማለት ነው።

ይኼ የኔ ቤት ብቻ ችግር ነው ብላችሁ እንዳትጽናኑ። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በተለያዩ ክልሎችና በአዲስ አበባ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የንባብ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 3ኛ ክፍል ላይም 20 ከመቶ ያህሉ እንደዚያው ነበሩ። ሦስት ዓመት ተምሮ አንድ ቃል! የዓለም ባንክ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ባወጣው ግምት፣ በአገራችን 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 ከመቶ ያህሉ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ጥር ላይ ሲነገር አገር ተንጫጫ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015ቱ 3.2፣ በ2016ቱ 5.4 ሆነ። አንዱ “ኩረጃ ስለቆመ ነው” አለ፣ ሌላው “ፈተናው ከብዶ ነው” አለ። ሁሉም የራሱ እውነት ይኖረው ይሆናል። ግን እስቲ ወደኋላ እንቁጠር። በ2014 12ኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ2005 ዓ.ም. የት ነበር? 3ኛ ክፍል! ያኔ እንደኔ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ እያነበነበ ያለፈ ስንቱ ነው? የወደቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የተፈተነ ዕለት አይደለም። ወድቆ ነው የመጣው፣ ማንም አላየውም እንጂ።

ለምን አልታየም? አንደኛው ምክንያት ፖሊሲው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሠራባቸው ዓመታት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ክፍል አይደግምም ነበር። በራሱ ጊዜ እየተዘዋወረ ያልፋል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ክፍል የደገመ ልጅ አፍሮ ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋልና። ነገር ግን መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የደከመውን ልጅ ለብቻው እንዲያግዝ ነበር የታሰበው። 63 ልጅ ባለበት ክፍል ማን ማንን ያግዛል? “ማሳለፉ” ተወሰደ፣ “ማገዙ” ወረቀት ላይ ቀረ። ልጁም አለፈ፣ ወላጅም “ተዘዋውሯል” የምትለውን ቃል አይቶ ተኛ።

ፊደል ማዜምና ፊደል ማወቅ

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አድርጉት የምለው አንድ ነገር ነው። ልጁን አስነብቡት። ግን እኔ እንደተሞኘሁት አትሞኙ።

የኛ ፊደል 33 ቤት አለው። በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ልጅ ይኼንን ሁሉ በዜማ ሊያወርደው ይችላል። “ሀ ሁ ሂ ሃ” እያለ እስከ “ፐ” ሲደርስ “ጎበዝ!” ብለን እናጨበጭባለን። ዜማ ግን ዜማ ነው። ልጁ “ቄ”ን የሚያውቀው ከ“ቃ” ቀጥላ ስለምትመጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገበታውን ከላይ ወደ ታች አታስነብቡት። ከመሐል ጠቁሙ። ከታች ወደ ላይ አስሂዱት። በተለይ ሳድሱን ጠይቁ፤ “ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ን” የሚሉትን። ካዕቡና ሣልሱ አብዛኛውን ጊዜ ምልክታቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ልጅ ቶሎ ይለምደዋል። ሳድሱ ግን ከቤት ቤት መልኩን ስለሚለዋውጥ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እሱ ላይ ነው። አማርኛ ደግሞ ያለ ሳድስ አንድ መሥመር አይራመድም። “ሰ”ንና “ሸ”ን፣ “ነ”ንና “ኘ”ን፣ “ደ”ንና “ጀ”ን ይለይ እንደሆነም እዩ። ከላይ ያለችው ሰረዝ ናት ልዩነቷ።

ቀጥሎ ያላጠናውን ጽሑፍ ስጡት። የመማሪያ መጽሐፉን ተዉት፣ ሸምድዶት ይሆናል። የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለውን፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን፣ የሱቅ ታፔላውን፣ የታክሲው ውስጥ ጥቅሱን፣ ይኼን የኛን ጋዜጣም ቢሆን። አንዲት አንቀጽ ትበቃለች። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ቀሙትና “ምን ይላል? በራስህ አፍ ንገረኝ” በሉት።

ሦስት ዓይነት ልጅ ታገኛላችሁ። አንደኛው ያነባል፣ ያነበበውንም ይነግራችኋል። እግዚአብሔርን አመስግኑና አዲስ መጽሐፍ ፈልጉለት። ሁለተኛው ፊደሉን ይጠራል፣ ግን ምን እንዳነበበ አያውቅም። ሦስተኛው ጭራሽ አያነብም። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም መድኃኒቱ አንድ ነው። በቀን 15 ደቂቃ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው እየሰማው፣ በየቀኑ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ማስጨነቅ አይደለም። በየቀኑ 15 ደቂቃ! መምህርቷ 38 ሴኮንድ ነው ያላቸው፣ እናንተ 15 ደቂቃ ብትሰጡት የ23 ክፍለ ጊዜ ድርሻውን በአንድ ማታ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ሲሳሳት ወዲያው አትዝለሉበት። ዐረፍተ ነገሩን ይጨርስ። ብዙ ጊዜ ራሱ ተመልሶ ያርመዋል። በ“ሀ” እና “ሐ”፣ በ“ሰ” እና “ሠ” ደግሞ ልጅ አታስለቅሱ። ድምፁ አንድ ነው፤ ትልቁም ሰው፣ እኛ ጋዜጠኞችም እንሳሳተዋለን (ሳቅ)። እሱ በንባብ ብዛት ይመጣል።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅስ?

አንዳንድ እናቶች “እኛ ራሳችን አልተማርን፣ እንዴት አድርገን?” ስትሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ልጄን ማን እንዳስተማራት ልንገራችሁ። እኔ አይደለሁም። እኔ ማታ ማታ ቤት የማልገባ ሰው ነኝ። ያስተማረቻት እናቴ ናት።

እናቴ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስሟን መጻፍ ለምዳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኑሮ አላስቻላትም፣ ረስታዋለች። ያ የጥፊው ቀን ምንም አላለችኝም፣ ገላመጠችኝና ልጅቷን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ማታ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ “ነይ የኔ እመቤት፣ ያን ወረቀት ለእምዬ አንብቢላት” ማለት ጀመረች። ልጅቷ ትንተባተባለች፣ እናቴ ትጠብቃለች። ስትጨርስ “እሺ፣ ከዚያስ?” ትላታለች። ካልገባት “እንዴት ነው እሱ? አልገባኝም፣ ድገሚልኝ” ትላለች። እናቴ የምር ስላልገባት ነው የምትጠይቀው፣ ለማስተማር ብላ አይደለም። ልጅቷም ለአያቷ ለማስረዳት ስትል ተመልሳ ታነባለች።

አንድ ቀን “ገና መጣ” የሚል ነገር ገጠማት። “ገና”ን አላልታ አነበበችው። እናቴ “የቱ ገና ነው? የጌታ ልደት ነው ወይስ አሁን ገና መጣ ነው የሚለው?” ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቆም አለች። ወደኋላ ሄደች፣ ወደፊት አየች። “እምዬ፣ በዓሉ ነው!” አለች። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። አንባቢው ከሐሳቡ ነው የሚያውቀው። “ዋና”ም፣ “አለ”ም እንደዚያው ናቸው። ልጄ ሐሳቡን ለማግኘት ስትል ቃሉን ያነበበችው ያን ቀን ነው። ይኼንን ያስተማረቻት አንድ ገጽ ማንበብ የማትችል ሴት ናት።

ስለዚህ እናቶች፣ ጆሮ አላችሁ አይደለም? ይበቃል። አዳምጡት፣ “ከዚያስ?” በሉት። እየፈጠረ የሚያወራ ከመሰላችሁ የጎረቤት ተማሪ ጠርታችሁ አንድ ቀን አረጋግጡ።

ሒሳቡ ሱቅ ውስጥ አለ

3ኛ ክፍል ላይ ሌላው ፈተና ማባዛትና ማካፈል ነው። በደብተር ጀርባ የታተመውን የማባዣ ሠንጠረዥ ሁላችንም በዱላ ነው የሸመደድነው። መሸምደዱ አይጠላም፣ 7 ጊዜ 8 56 መሆኑን እንደ ስሙ ማወቅ አለበት። ግን መጀመሪያ ማባዛት ማለት ምን እንደሆነ ይግባው። እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ሞልቷል። “አምስት ሰው ነን፣ ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ቢደርሰው ስንት ላውጣ?” “12 እንቁላል አለ፣ ለአራት ቀን ስንት ስንት ይደርሰናል?” ሱቅ ላኩትና ከመሄዱ በፊት መልሱ ስንት እንደሚሆን ይንገራችሁ። ዛሬ በዋጋው ንረት ምክንያት ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ልጆቻችን የሚሠሩት አዲስ ሒሳብ አያጡም (ሳቅ)።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ በቁጥር የተጻፈውን እየሠራ፣ በዐረፍተ ነገር የመጣውን ጥያቄ የሚስት ከሆነ ሒሳብ አልከበደውም። ያልቻለው ንባቡን ነው። ለሒሳብ አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ጥያቄውን ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ብዙ ብር ትቆጥባላችሁ።

ስለ “ማሚ” እና “ዳዲ”

በግል ት/ቤት ልጆች ያሏችሁ ደግሞ አትቀየሙኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ክፍያው ሽቅብ ሲወጣ ኖሯል፣ እናንተም ከጉሮሯችሁ ነጥቃችሁ ትከፍላላችሁ። ልጁ “ማሚ” እና “ዳዲ” ሲል ገንዘቡ ቦታ ላይ የዋለ ይመስለናል። እንግሊዝኛ ማወቁን አልጠላም። እኔም ልጆቼ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ነገር ግን የሳይንሱን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲያንበለብለው ብትሰሙ “ጎበዝ” ከማለታችሁ በፊት “በአማርኛ ምን ማለት ነው?” በሉት። ቤት ውስጥ በሚናገርበት ቋንቋ ሊያስረዳ ካልቻለ ያው ሽምደዳ ነው፣ ልዩነቱ በውድ ዋጋ የተገዛ ሽምደዳ መሆኑ ነው። በአፉ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ጥበቡን ወደ ሌላውም ይዞት ይሄዳል። ቋንቋው አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም ይሁን ሌላ፣ ነገሩ ያው ነው።

የቤት ሥራውንም አትሥሩለት። በየማታው ሦስት አራት ገጽ የቤት ሥራ እየመጣ፣ እናት አንዱን፣ አባት ሌላውን ሠርተው፣ ልጁ ተኝቶ የሚያድርበት ቤት አውቃለሁ። በማግስቱ 10 ከ10 የሚያገኘው አባትየው ነው። ካልቻለ “አልቻለም” ብላችሁ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ጻፉ። መምህሩም ልጁ ያለበትን ደረጃ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ዱላውንና ደረጃውን ተዉት

“ስንተኛ ወጣህ?” የምትለዋ ጥያቄ ብዙ ልጅ በድላለች። የኔ ልጅ 11ኛ ሆና ማንበብ አትችልም ነበር። ደረጃ ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲተያይ የት እንዳለ ይናገራል፤ የት/ቤቱ ልጅ ሁሉ ቢደክም ከደካሞች አንደኛ መውጣትም አለ። ካርድ ሲመጣ “ስንተኛ?” ሳይሆን “ባለፈው ያልቻልከው ምን ነበር? አሁንስ?” በሉት።

ዱላ ደግሞ ንባብ አያስተምርም። እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ያስተማራት ነገር ቢኖር ካለማወቋ ይልቅ አለማወቋን መደበቅ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል መጽሐፍ ስይዝ ትደነግጥ ነበር። ብዙ የምንነታረክበት ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 36 ልጆች በት/ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በት/ቤት የተከለከለውን እኛ ሳሎን ውስጥ ለምን እንፈቅደዋለን?

ልጁ የማያነበው “ሰንፎ ነው” ከማለታችሁ በፊትም ዓይኑን አስመርምሩት። መጽሐፉን አፍንጫው ላይ የሚያስጠጋ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል። ከኋላ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ጆሮውን ሊያመው ይችላል። ይኼው እስኪጣራ መምህሩን ከፊት እንዲያስቀምጡት ለምኗቸው። እኩለ ሌሊት ድረስ ስልክ ሲነካካ አምሽቶ ጠዋት የሚያንቀላፋውን ግን እኛው ነን ያበላሸነው።

ት/ቤት የምንሄደው መቼ ነው?

አብዛኞቻችን ት/ቤት የምንሄደው ሦስት ጊዜ ነው። ለምዝገባ፣ ለካርድ፣ “ወላጅ አምጣ” ሲባል። ከዚያ ውጪ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ “ደግሞ ሊያዋጡን ነው” ብለን እንቀራለን። ስንቀር ደግሞ በኛ ስም ሌላ ሰው እጅ ያወጣል።

አንድ ቀን፣ ፈተና ሳይደርስ፣ መምህሩን አግኙና ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ ያላጠናውን ጽሑፍ ሲያነብ ሰምተውታል ወይ? የሚከብደው ምኑ ነው? ቤት ውስጥ ምን ላግዝ? አስተማሪው ጠላታችሁ አይደለም። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው፣ 60 ልጅ የታሸከመ ሰው ነው። ተቆጥታችሁ ብትሄዱ ይከላከላል፣ ለማገዝ ብትሄዱ የሆዱን ያጫውታችኋል። የኔዋ ልጅ መምህርት፣ ነገሩ በግልጽ ከተነገራቸው በኋላ፣ ልጄንና ሌሎች አምስት ልጆችን በዕረፍት ሰዓት ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ያስነብቡ ነበር። ማንም ሳንቲም አልጨመረላቸውም።

መንግሥትስ?

“ታዲያ ሁሉንም ወላጅ ከሠራው መንግሥት ምን ሊሠራ ነው?” የሚል ጥያቄ በዓይናችሁ አያለሁ። ልክ ነው። እኔ እዚህ የቆምኩት የመንግሥትን ዕዳ ወደ እናንተ ላሻግር አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ሳይደርስ ትምህርቱ ደረሰ። ስንቱ ወላጅ ከስልክ ላይ እያወጣ በራሱ ገንዘብ ፎቶ ኮፒ እንዳስነሳ እናንተ ታውቃላችሁ። በ2013 በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራና አፋር የተስፋፋው ጦርነት ስንት ት/ቤት አፍርሶ ስንት ልጅ እቤት እንዳስቀረም አገር ያውቃል። የነዚያ ልጆች ወላጆች የዛሬው ምክሬ ቢደርሳቸው እንኳ የሚያስነብቡት መጽሐፍ ከየት ያመጣሉ? በከተማችን ምገባና ዩኒፎርም መቅረቡ መልካም ነው፣ ሆዱ የሞላ ልጅ ይማራል፤ ምስጋና ለሚገባው ምስጋናውን አንነፍግም። ግን የተመገበው ልጅ 60 ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ፣ አስተማሪው ከተራበ፣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በር ከተቆለፈ፣ ስለ 12ኛ ክፍል ውጤት በቴሌቪዥን ቀርቦ ማዘን ዋጋ የለውም። የሚታዘነው 12ኛ ላይ ሳይሆን 3ኛ ላይ ነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል!

ስለዚህ ሁለቱንም እናድርግ። ክፍል እንዲጨመር፣ መጽሐፍ በመስከረም እንዲደርስ፣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ማንበብ መቻሉ ከ4ኛ በፊት ተረጋግጦ ለወላጅ እንዲነገር በየስብሰባው እንጠይቅ፣ እንጩህ። ነገር ግን መንግሥት እስኪሰማን ልጁ አይጠብቀንም። ዘንድሮ 3ኛ ነው፣ ለከርሞ 4ኛ ነው። ፖሊሲ ይሻሻላል፣ ሚኒስትር ይቀየራል፤ 3ኛ ክፍል ግን ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው።

መጨረሻውን ልንገራችሁና ላብቃ። ያ ዓመት አልቆ የሰኔ ካርድ ሲመጣ ልጄ ከ11ኛ ወደ 14ኛ ወርዳ ነበር። ጎረቤት “ምነው ደከመች?” አለኝ። ለስላሳ አልተከፈተም። ማታ ግን ቡናው ተፈልቶ ሳለ ካርዱን አንስታ፣ ከላይ ጀምሮ እስከ መምህርቷ አስተያየት ድረስ ለእናቴ አነበበችላት። ማንም ሳይነግራት፣ ቀድማ ሳታየው። እናቴ እንደ ልማዷ “እሺ፣ ከዚያስ?” አለቻት። “ከዚያማ አራተኛ ክፍል ገባሁ” አለች።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ካርዱን ካስቀመጣችሁበት አውጡትና እንዲያነብላችሁ ለልጁ ስጡት።